የፍሬቻ መብራት ንድፍ፦ ብርሃኑ ሳይደክም ምልክቱ ለምን ይጠፋል?

እንደ ፍሬን መብራት ሁሉ ፍሬቻም የሚበራው ለሌላ ሰው ዓይን ነው። ሹፌሩ የሚያየው ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትለውን ትንሽ ቀስት ብቻ ነው። ምልክቱ በትክክል መታየት አለመታየቱን የሚያውቀው ከፊት የሚመጣው፣ ከኋላ የሚከተለው ወይም ሊሻገር መንገድ ዳር የቆመው እግረኛ ነው። በዚህ ምክንያት የፍሬቻ ንድፍ ችግር ባለቤቱ ሳያውቀው ለዓመታት መንገድ ላይ ይቆያል።

የብርሃን ምንጩ በራሱ ብዙ ተሻሽሏል። ክር ያለው አምፖል ሙሉ ድምቀቱ ላይ ለመድረስ 200 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ኤልኢዲ ግን ወዲያው ይበራል። እንዲያም ሆኖ «ፍሬቻውን አላየሁትም» የሚለው ቅሬታ ከአዳዲስ መኪኖች ጋር ተያይዞ መሰማቱ አልቀረም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የብርሃን ማነስ አይደለም። ዓይን ምልክትን የሚለየው ከዙሪያው ጋር ባለው ልዩነት ነው፤ በድምቀት፣ በቀለም፣ በቦታና በምት። የዘመኑ ንድፍ ለውበትና ለወጪ ቁጠባ ሲባል እነዚህን ልዩነቶች እየሸረሸራቸው ይገኛል።

ከደማቅ ጎረቤት አጠገብ

የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 6፣ አሁን በደንብ ቁጥር 148 የተጠቃለለው፣ የፊት ፍሬቻን ከአጭር መብራት ባለው ርቀት ይመድበዋል። ርቀቱ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ምድብ 1 ይባላል፤ ቀጥታ ከፊት ሲለካ ቢያንስ 175 ካንዴላ (በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ብርሃን መለኪያ) ማውጣት አለበት። ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ባለው ርቀት ላይ ከተቀመጠ ምድብ 1ኤ ሆኖ ዝቅተኛው መጠን ወደ 250 ከፍ ይላል። 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ሲሆን ደግሞ ምድብ 1ቢ ነው፤ 400 ካንዴላ ያስፈልገዋል። የአሜሪካው የፌዴራል ደረጃ ቁጥር 108ም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፦ መነሻው 200 ካንዴላ ሲሆን፣ ርቀቱ ከ100 ሚሊ ሜትር እያነሰ በሄደ ቁጥር የሚፈለገው ብርሃን በደረጃ እያደገ እስከ 2.5 እጥፍ ይደርሳል።

የደንቡ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ፍሬቻውን ወደ ፊት መብራቱ ያስጠጋ አምራች የጠፋውን ልዩነት በብርሃን ይክፈል። አጭር መብራት በትክክል ሲስተካከል ከፊት ለሚመጣው ሹፌር ዓይን የሚልከው ብርሃን ትንሽ ነው። በደንብ ቁጥር 112 መሠረት ወደዚያ አቅጣጫ የሚሄደው ከ350 ካንዴላ መብለጥ የለበትም። መኪናው ኋላው ላይ ጭነት ሲበዛበት ግን አፍንጫው ቀና ይልና ያ መጠን ይበዛል። 175 ካንዴላ ያለው ፍሬቻ በዚያን ጊዜ ከጎኑ ባለው ነጭ ብርሃን ይዋጣል።

የባሰው ጎረቤት የቀን መብራት ነው። ይህ መብራት ዓላማው በጠራራ ፀሐይ መታየት ስለሆነ በደንብ ቁጥር 87 የተወሰነለት መጠን ከ400 እስከ 1200 ካንዴላ ነው። ዛሬ ብዙ መኪኖች ላይ የቀን መብራቱና ፍሬቻው አንድ ቀጭን የብርሃን መስመር ይጋራሉ፤ ነጩና ብርቱካናማው ቺፕ ጎን ለጎን ተደርድረው በየተራቸው ይበራሉ። ሁለቱ እንዲህ ሲጣመሩ የዚያ ጎን የቀን መብራት መጥፋት ግዴታው ነው። ፍሬቻው ሲበራ ብቻ ጠፍቶ በብልጭታዎቹ መሃል መመለስም አይችልም፤ ማብለጭለጩ እስኪያበቃ ድረስ እንደጠፋ መቆየት አለበት። ነጩ በየመሃሉ ቢመለስ መብራቱ በርቶ የሚጠፋ መሆኑ ይቀርና ከሩቅ የሚታየው የቀለም መቀያየር ብቻ ይሆናል።

ሁለቱ ለየብቻቸው ሆነው በ40 ሚሊ ሜትር ውስጥ ሲቀራረቡ ግን የመትከያ ደንቡ ቁጥር 48 የቀን መብራቱን ማጥፋት ወይም ማደብዘዝ ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። እዚህ ላይ ደንቡ ላልቷል። ከ1000 ካንዴላ በላይ ከሚያወጣ ነጭ መብራት በሦስት ጣት ርቀት ላይ ያለ ብርቱካናማ መብራት በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ምን ያህል እንደሚለይ ማንም ሰው ሃምሳ ሜትር ርቆ ቆሞ ሊፈትነው ይችላል። ማደብዘዙ ግዴታ መሆን ነበረበት።

ቀለሙ

አብዛኛው ዓለም የኋላ ፍሬቻ ብርቱካናማ እንዲሆን ያዛል። አሜሪካ ቀይም ትፈቅዳለች፤ ከዚህም አልፎ የፍሬን መብራቱና ፍሬቻው በአንድ አምፖል እንዲሠሩ ትፈቅዳለች። እንዲህ ባለ መኪና ሹፌሩ ፍሬን ይዞ ወደ ግራ ሲያመለክት የግራው ቀይ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የቀኙ እንደበራ ይቀራል። ከኋላ ያለው ሰው የአንዱን ጎን መብራት በሌላ መኪና ከተጋረደበት፣ የሚያየው የፍሬን መብራት ይሁን ፍሬቻ ለመለየት ሁለተኛ ብልጭታ መጠበቅ ይኖርበታል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2009 ያወጣው ጥናት፣ የኋላ ፍሬቻቸው ብርቱካናማ የሆኑ መኪኖች በሚዞሩበት፣ መስመር በሚቀይሩበትና መሰል እንቅስቃሴ በሚያደርጉበት ጊዜ ከኋላ የመገጨት ዕድላቸው በ5.3 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የቀለም ለውጥ ብቻውን ይህን ያህል ካስገኘ ከወጪው አንጻር ከዚህ የሚሻል የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት ይከብዳል።

ዝቅ ብሎ የተተከለ ፍሬቻ

ደንብ ቁጥር 48 ፍሬቻ ከመሬት ከ350 ሚሊ ሜትር በታች እንዳይሆን፣ በመደበኛው ከ1500 በላይ እንዳይወጣ፣ ከመኪናው የጎን ጠርዝም ከ400 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይወስናል። የታችኛው ወሰን ሰፊ ክፍተት ትቷል። በቅርብ ዓመታት የኋላ ፍሬቻቸው ከዋናው የኋላ መብራት ተነጥሎ ፓራውልት ላይ የወረደ መኪኖች በዝተዋል። አንዳንዴ ምክንያቱ ቅርጽ ነው፤ ዋናው መብራት ከመቅጠኑ የተነሳ ለፍሬቻ ቦታ አይተርፈውም። አንዳንዴ ደግሞ መብራቶቹ ሙሉ በሙሉ በሚከፈተው የኋላ በር ላይ ስለሚሆኑ፣ በሩ ክፍት ሳለ የሚታይ ሌላ ፍሬቻ ከታች መጨመር ግድ ይላል።

ዝቅ ማለቱ የሚያመጣውን ችግር በሒሳብ ማየት ይቻላል። የሹፌሩ ዓይን ከመሬት 1.15 ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል፤ የመኪናው ኮፈን የፊት ጫፍ 0.75 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከዓይኑ 2 ሜትር ይርቃል። የዕይታ መስመሩ በየሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር ስለሚወርድ 0.45 ሜትር ላይ ያለውን ፍሬቻ ለማየት ከፊቱ ካለው መኪና ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት። ዓይኑ 1.60 ሜትር፣ የኮፈኑ ጫፍ 1.10 ሜትር፣ ርቀቱም 2.2 ሜትር በሆነ ከፍ ያለ መኪና ላይ ደግሞ የሚፈለገው ክፍተት ወደ 2.9 ሜትር ያድጋል። በተጨናነቀ መንገድ ይህን ያህል ክፍተት የሚተው ጥቂት ነው። ሁለተኛ ተከታይ የሆነው መኪና ደግሞ ከፊቱ ያለው ስለሚጋርደው ፓራውልት ላይ ያለውን ፍሬቻ ጨርሶ አያየውም።

ሌላው ጉዳት ከብርሃኑ ስርጭት ይመጣል። ደንቡ የሚጠይቀው ሙሉ መጠን የሚለካው ቀጥታ በአግድም መስመር ነው። 5 ዲግሪ ወደ ላይ ሲወጡ የሚፈለገው 70 በመቶ ብቻ ነው፤ 10 ዲግሪ ላይ 20 በመቶ ይበቃል። ከፍሬቻው 5 ሜትር ርቆ 1.15 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ዓይን፣ 0.45 ሜትር ላይ የተተከለውን ፍሬቻ የሚያየው በ8 ዲግሪ ገደማ ነው። ፍሬቻው 0.90 ሜትር ላይ ቢሆን ግን 3 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዝቅ ያለው መብራት የሚታይበት ማዕዘን ብርሃኑ ከሳሳበት ክፍል ይሆናል። ጭቃና የጎማ እርጭታም ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው።

የሚፈስ ብርሃን

ከውስጥ ወደ ውጭ እየተከታተለ የሚበራ ፍሬቻ አዲስ አይደለም። በ1965 ፎርድ ተንደርበርድ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር እየዞረ ማብሪያዎቹን በየተራ በሚገፋ ካም ይሠራ ነበር። በኤልኢዲ የተመለሰው ይህ አሠራር አቅጣጫን በቅርጽ ጭምር ስለሚናገር ጥቅም አለው። ደንቡ ግን ጥብቅ ወሰን አበጅቶለታል፦ እያንዳንዱ ክፍል አንዴ ከበራ ብልጭታው እስኪያልቅ አይጠፋም፤ አካሄዱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሆናል፤ በ200 ሚሊ ሰከንድ ውስጥም ሁሉም ክፍል በርቶ ማለቅ አለበት። የመብራቱ ወርድ ከቁመቱ ቢያንስ 1.7 እጥፍ መሆን አለበት፤ ያለዚያ አቅጣጫው አይነበብም።

ፍሬቻ በደቂቃ 90 ጊዜ፣ 30 ሲቀነስ ወይም ሲጨመር፣ ይበልጨለጫል። በ90 ሲሠራና የመብራቱ ጊዜ ከመጥፋቱ ጋር እኩል ሲሆን አንድ ብልጭታ 333 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። ከዚህ 200ው ለመፍሰስ ከዋለ ሙሉው መብራት የሚታየው ለ133 ሚሊ ሰከንድ ነው። ምቱ ወደ 120 ከፍ ቢል የሚተርፈው 50 ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን አሠራር የመረጠ ነዳፊ ምቱን ከ90 በላይ ባይገፋ፣ የመፍሰሻውንም ጊዜ ወደ 150 ቢያሳጥር ይሻላል። ከሁሉ በላይ የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን ሲበራ ከሩቅ የሚታይ እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። ርካሽ በሆኑ ከገበያ የሚገጠሙ ተከታታይ መብራቶች ላይ የበሩት ክፍሎች ከኋላ እየጠፉ ነጥብ ብቻ ሲሮጥ ይታያል። ይህ ደንቡን ይጥሳል፤ በምሽት ርቀትንም ያዛባል።

አምፖል በኤልኢዲ ሲተካ

በሥራ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት አምፖሎች ፒ21ደብሊዩ እና ፒዋይ21ደብሊዩ ናቸው። ሁለቱም 12 ቮልት፣ 21 ዋት ናቸው። የመጀመሪያው ነጭ ሆኖ 460 ሉመን (በሁሉም አቅጣጫ የሚወጣ ብርሃን መለኪያ) ይሰጣል፤ ሁለተኛው ብርቱካናማ ቅብ ስላለው ወደ 280 ይወርዳል። የጎን ጥርሶቻቸውም ይለያያሉ፤ የነጩ 180 ዲግሪ ትይዩ ሲሆኑ የብርቱካናማው በ150 ዲግሪ የተዛነፉ ናቸው። ይህ የተደረገው ነጭ መስታወት ባለው ፍሬቻ ውስጥ ነጭ አምፖል በስህተት እንዳይገባ ነው። አንዱን ጥርስ በሞረድ አጥፍቶ ማስገባት ይህን ጥበቃ ማፍረስ ነው።

በእነዚህ ፋንታ ኤልኢዲ አምፖል የሚያስገባ ሰው ሦስት ነገር ይገጥመዋል። መጀመሪያ ብርሃኑ ከቦታው ይስታል። አንጸባራቂው የተሠራው ጥቂት ሚሊ ሜትር ርዝመት ላለው ክር ነው፤ ክሩም ልክ ትኩረት ነጥቡ ላይ ይቀመጣል። ኤልኢዲ አምፖሉ ግን ቺፖቹን በግንዱ ዙሪያ ስለሚደረድር መስታወቱ ላይ ደማቅ ነጥቦችና ጨለማ ቦታዎች ይፈጠራሉ፤ ቀጥታ ሲታይ የደመቀው መብራት ወደ ጎን 20 ዲግሪ ሲሉ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ብርቱካናማ ብርሃን፣ 590 ናኖ ሜትር ገደማ፣ የሚሰጠው የተለመደው ቺፕ ከአሉሚኒየም፣ ኢንዲየም፣ ጋሊየምና ፎስፈረስ የተሠራ ሲሆን ሙቀትን እጅግ አይወድም። ውስጡ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ብርሃኑ በ25 ዲግሪ ከሚሰጠው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ጥሩ ፋብሪካዎች ይህን በአሉሚኒየም ማቀዝቀዣና ሙቀት ሲጨምር ኃይሉን በሚያስተካክል ዑደት፣ ወይም ሰማያዊ ቺፕ ላይ ብርቱካናማ ፎስፈር (የብርሃኑን ቀለም የሚቀይር ቅብ) በመጨመር ይፈቱታል። የኋለኛው በሙቀት የሚያጣው ብርሃን በጣም ያነሰ ነው። ነጭ ኤልኢዲ ከብርቱካናማ መስታወት ጀርባ ማስገባት ደግሞ ብክነት ነው፤ ሰማያዊው ክፍል ሙሉ በሙሉ ይጣራና የሚወጣው የነጣና የደከመ ቢጫ ይሆናል።

ሦስተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። በአንድ ጎን ሁለት ባለ 21 እና አንድ ባለ 5 ዋት አምፖል 47 ዋት ይጎትታሉ፤ በ12 ቮልት ወደ 4 አምፔር ነው። ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ሪሌ ላይ «2(4)×21+5» የሚል ጽሑፍ የሚገኘው ለዚህ ነው፤ በቅንፍ ያለው ሀዛርድ (የሁለቱም ጎን ፍሬቻ በአንድ ላይ) ሲበራ ያለውን ጭነት ያመለክታል። አንድ አምፖል ሲቃጠል ጭነቱ ስለሚቀንስ ሪሌው ምቱን በማፍጠን ለሹፌሩ ያሳውቃል። 5 ዋት የማይሞላ ኤልኢዲ ሲገባ ሪሌው አምፖሉ የተቃጠለ ይመስለውና ይፈጥናል።

ብዙ ሰው የሚወስደው መፍትሔ 6 ኦም፣ 50 ዋት ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን ወደ ሙቀት እየቀየረ ጭነት የሚጨምር ዕቃ) ከአምፖሉ ጋር በትይዩ ማሰር ነው። ይህ በ13.5 ቮልት 30 ዋት ያህል ያቃጥላል፤ የኤልኢዲው ቁጠባ ሁሉ እዚያ ያልቃል። ሀዛርድ ለረጅም ጊዜ ከበራ የሬዚስተሩ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ በባዶ ብረት ላይ በብሎን ይታሰር፤ ከፕላስቲክ፣ ከምንጣፍና ከሽቦ ጥቅል ይራቅ። ሬዚስተሩን አምፖሉ ውስጥ ያካተቱት ደግሞ ሙቀቱን እዚያው ቺፑ አጠገብ ስለሚያመጡት መብራቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይደበዝዛል። የተለየ ሪሌ ባለው መኪና የተሻለው መንገድ ጭነት የማይቆጥር ኤሌክትሮኒክ ሪሌ መቀየር ነው፤ ያኔ ግን የተቃጠለ መብራት ማስጠንቀቂያው እንደሚቀር ማወቅ ያስፈልጋል። ፍሬቻው በኮምፒውተር ሞጁል በሚታዘዝበት መኪና ሪሌ የለም። ሞጁሉ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምት እየላከ ክሩን ይፈትሻል፤ ለአምፖል የማይሰማ ይህ ምት ኤልኢዲውን ጭል ጭል ያደርገዋል። እዚህ ላይ ትክክለኛው ሥራ ሞጁሉን ለኤልኢዲ ማስተካከል ወይም አምፖሉን እንደነበረ መተው ነው።

ሲደክም የት ይፈለጋል?

ብርቱካናማው አምፖል ቅቡ ሲላጥ ፍሬቻው ወደ ነጭ ይሄዳል፤ አምፖሉ ስላልተቃጠለ ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። ወዲያው መቀየር አለበት።

ደካማ መብራት ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የነጌቲቭ መስመሩ ነው። ምልክቱም የታወቀ ነው፦ ፍሬን ሲያዝ ወይም ፍሬቻ ሲበራ የማይመለከተው የኋላ መብራት አብሮ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ኤሌክትሪኩ የተዘጋበትን መንገድ ትቶ በሌላ አምፖል ክር በኩል ይመለሳልና። ለመለካት ሪሌው ይነቀልና መቀመጫው ላይ 49 እና 49ኤ የሚባሉት ቀዳዳዎች በፊውዝ ባለው ሽቦ ይገናኙ፤ ፍሬቻው ሳይበልጨለጭ ይቆማል። የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላው በአምፖል መቀመጫው ነጌቲቭ ላይ ሲሆን ከ0.2 ቮልት በላይ ከተነበበ ግንኙነቱ ዝጓል። ሞጁል ባለው መኪና ይህን ማገናኘት አይገባም።

በፖዘቲቭ በኩል ያለ ኪሳራም ቀላል አይደለም። የክር አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ በፍጥነት ይወርዳል፤ ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 4 ሜትር ርዝመትና 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ በ2 አምፔር 0.18 ቮልት ያህል ያጠፋል፤ በጥገና ጊዜ በ0.35 ከተተካ ኪሳራው ወደ 0.4 ቮልት ይጨምራል።

ውስጡ ጤዛ የያዘ መብራት ሁልጊዜ ተሰንጥቋል ማለት አይደለም። አየር ሞቆ ሲወጣና ቀዝቅዞ ሲገባ እንዲተነፍስ የተተወ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው በጭቃ ሲደፈን እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል። በ21 ዋት አምፖል ሙቀት ቶሎ ይደርቅ የነበረው ጤዛ በኤልኢዲ መብራት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ውኃ ከሥር ከተጠራቀመ ግን ችግሩ ከማጣበቂያው መስመር ነው።

ሙሉ መብራት ሲቀየር መስታወቱ ላይ በክብ ውስጥ ካለው የማረጋገጫ ምልክት አጠገብ የምድቡ ቁጥር ተቀርጿል። የወለቀው 1ቢ ከሆነ የሚገባውም 1ቢ መሆኑ ይረጋገጥ፤ በቅርጹ ልክ የሆነ ምድብ 1 መብራት እዚያ ቢገጠም ለቦታው ከሚፈለገው 400 ካንዴላ ግማሽ እንኳ ላይሰጥ ይችላል።